የሕግ ጥያቄና መልስ፦ ይርጋ መቼ ይጀምራል፣ ምን ያቋርጠዋል፣ ማንስ ያነሣዋል?

ከድሬዳዋና ከሐረር አንባቢዎቻችን የደረሱንን የይርጋ ጥያቄዎች በአንድ ላይ ሰብስበናል። ይርጋ ማለት አንድ ሰው መብቱን በፍርድ ቤት እንዲጠይቅ ሕጉ የወሰነለት ጊዜ ነው። ጊዜው ካለፈ የተከሰሰው ሰው «ክሱ በይርጋ ይታገዳል» ብሎ ሊያዘጋው ይችላል። በአካባቢያችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው፤ ይህ መልካም ልማድ ነው፣ ይቀጥል። የሚያሳዝነው ግን እውነት ያለው፣ ምስክር ያለው፣ ውል ያለው ሰው ሽማግሌ ሲጠብቅ ቀኑ አልፎበት ባዶ እጁን መመለሱ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ይህ እንዳይሆን ነው።

«ከፊራ ገበያ አጠገብ ሱቅ አለኝ። ለአንድ ነጋዴ 150,000 ብር አበድሬ ጥር 30 ቀን 2007 ዓ.ም. ሊመልስ በሁለት ምስክር ፊት ተፈራረምን። በቀኑ አልከፈለም። ሽማግሌ እየላክኩ፣ እየለመንኩ ዓመታት አለፉ። ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ላይ 20,000 ብር በባንክ አስገባልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ከሰስኩት። አሁን 'በይርጋ ይታገዳል' የሚል መልስ ሰጥቷል። ሽማግሌዎቹ ሊመሰክሩልኝ ፈቃደኛ ናቸው። ገንዘቤ ቀረ ማለት ነው?»

አልቀረም። የሚያድንዎት ግን የሽማግሌዎቹ ምስክርነት ሳይሆን የባንክ ዝርዝሩ ነው።

ለብድርም ሆነ ለሌላ ውል፣ የተለየ ጊዜ በሕግ ካልተወሰነ በቀር፣ ይርጋው 10 ዓመት ነው (የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845)። ቆጠራው የሚጀምረው ውሉ ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ነው፤ ያ ቀን ራሱ አይቆጠርም። የመጨረሻው ቀን በሕግ የታወቀ በዓል ላይ ከዋለ እስከ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይገፋል። በዚህ ስሌት የእርስዎ 10 ዓመት ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ያበቃል፤ ክሱ ደግሞ የገባው መጋቢት ላይ ነው። ተከራካሪዎ የያዘው ይህን ነው። ሌላ ነገር ባይኖር ኖሮ ያሸንፍ ነበር።

ሌላ ነገር ግን አለ። በቁጥር 1851 መሠረት ይርጋ የሚቋረጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ነው፤ ከፊሉን መክፈል፣ ወለድ መክፈል፣ መያዣ ወይም ዋስ መስጠት ሁሉ እንደ ማመን ይቆጠራል። ሁለተኛው ባለገንዘቡ ክስ ሲመሠርት ነው። ይርጋ ሲቋረጥ ያለፈው ጊዜ ይሰረዝና ቆጠራው ከአንድ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ሐምሌ 2011 ዓ.ም. የገባው 20,000 ብር የዚህ ዕዳ ከፊል ክፍያ መሆኑን ካስረዱ አዲሱ 10 ዓመት እስከ ሐምሌ 2021 ዓ.ም. ይዘልቃል፤ ክስዎም በጊዜው የቀረበ ይሆናል።

ክርክሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። ተከሳሹ «20,000 ብሩ የሌላ ዕቃ ሒሳብ ነበር» ሊል ይችላል። ባንኩ የሒሳብ እንቅስቃሴዎን በማኅተም አረጋግጦ እንዲሰጥዎ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ገንዘቡ ሲላክ የተጻፈ ምክንያት ካለ ያ መስመር እንዲታይ ያድርጉ። በዚያ ሰሞን የተለዋወጣችሁት የስልክ መልእክት ካለ ሳያጠፉ ያትሙት። ይርጋ ሲነሣ ፍርድ ቤቱ ሌላውን ወገን ሰምቶና ማስረጃ አስቀርቦ ነው ብይን የሚሰጠው፤ ስለዚህ «ይርጋው በከፊል ክፍያ ተቋርጧል» የሚለውን በጽሑፍ አዘጋጅተው፣ ማስረጃውን አያይዘው ይቅረቡ። ለቀጣይ ቀጠሮ አደርሳለሁ አይበሉ።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ፣ በሽምግልና መቀመጥ ብቻውን ይርጋ አያቋርጥም። በስልክ መጠየቅም፣ ሰው መላክም፣ «በ15 ቀን ውስጥ ካልከፈልክ እከሳለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ መስጠትም በቁጥር 1851 ከተዘረዘሩት ውስጥ የሉም። ሽማግሌዎቹ የሚጠቅሙት ባለዕዳው እፊታቸው ዕዳውን ማመኑን፣ መቼ እንዳመነና ምን ያህል ብሎ እንዳመነ መመስከር ከቻሉ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከባድ መንገድ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነን ብድርም ሆነ የብድሩን መመለስ ሕጉ በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነትና መሐላ እንጂ በተራ ምስክር እንዲረጋገጥ አይፈቅድም (ቁጥር 2472)። ተከራካሪዎ ይህንን ማንሣቱ አይቀርም።

እንግዲህ ገና በሽምግልና ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ይህችን ያዙ፦ ሽምግልናው በተጀመረ ዕለት ባለዕዳው አንድ ወረቀት ይፈርም። ይዘቱ ከዚህ አይበልጥም፦

«እኔ (ስም ከነአያት)፣ አድራሻ (ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር)፣ ከ(ስም ከነአያት) ጥር 30 ቀን 2006 ዓ.ም. በተጻፈ የብድር ውል የወሰድኩት 150,000 (አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ) ብር እስከ ዛሬ ያልተከፈለ መሆኑን አምናለሁ። ቀን፣ ወር፣ ዓ.ም.፣ ፊርማ። የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ።»

በጽሑፍ የታመነ ዕዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ 10 ዓመት ያገኛል (ቁጥር 1852)። «ሽማግሌ ፊት ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል፣ አታምነኝም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። የመክፈል ሐሳብ ያለው ሰው ግን ቀድሞ የፈረመውን ዕዳ ደግሞ ለመፈረም አይቸገርም። ሽምግልናው በስምምነት ካለቀም የዕርቁ ቃል ተጽፎ፣ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት፤ የክፍያው ቀንና መጠን በቁጥርም በፊደልም ይግባበት።

ስለ ቀን አንድ ነገር እንጨምር። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ደረሰኝና ኢንቮይስ ላይ የሚያሰፍሩት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ውሉ ደግሞ በኢትዮጵያ። «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ሳይባል የተጻፈ ቀን በይርጋ ክርክር ላይ የ7 ወይም የ8 ዓመት ጭቅጭቅ ይዞ ይመጣል። ሁልጊዜ ለይታችሁ ጻፉ።

«ሐረር ነዋሪ ነኝ። አንድ ሰው ከ12 ዓመት በፊት መከፈል ነበረበት በሚል ዕዳ ከሰሰኝ። 'አልተበደርኩም' ብዬ መልስ ሰጠሁ፤ ይርጋ የሚባለውን አላነሣሁም። አሁን ምስክር እየተሰማ ነው። ዳኛው ቀኑን እያዩት ክሱን ለምን አይዘጉትም?»

አይችሉም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1856 ፍርድ ቤቱ ይርጋን በራሱ አነሣሽነት እንዳያነሣ ይከለክላል። ክሱ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቢሆን እንኳ ተከሳሹ ካላነሣው ዳኛው እንዳላዩ ሆነው ወደ ፍሬ ነገሩ ይገባሉ። ይርጋ ለተከሳሹ የተሰጠ መከላከያ ነው፤ ሊጠቀምበትም ሊተወውም ይችላል። ዕዳዬን ጊዜ አልፎበታል ብዬ አልክድም የሚል ሰውም አለ፣ ሕጉ ይህን ያከብራል። ጊዜው ያለፈበትን ዕዳ የከፈለ ሰው ግን ተመልሶ «ይርጋ እንዳለው አላወቅሁም፣ ገንዘቤን መልሱልኝ» ሊል አይችልም።

የእርስዎ ችግር የሚመጣው ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 ነው። ይርጋ «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ» ከሚባሉት አንዱ ነው። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ጉዳዩ ቀድሞ ፍርድ አግኝቷል፣ በሌላ ፍርድ ቤት ተይዟል፣ ከሳሹ ለመክሰስ መብት የለውም፣ ጉዳዩ በግልግል የሚታይ ነው ወይም በዕርቅ አልቋል የሚሉትም እዚሁ ውስጥ ናቸው። እነዚህ መቃወሚያዎች ሁሉ በአንድ ላይና በመጀመሪያው አጋጣሚ መቅረብ አለባቸው። ያልቀረበው እንደተተወ ይቆጠራል። ከዚህ የሚያመልጠው ትክክለኛ ፍርድ መስጠትን የሚከለክል ዓይነት መቃወሚያ ብቻ ነው፤ ይርጋ ደግሞ ከዚያ ዓይነት አይደለም። መልስ ሰጥተው፣ ክስ ተሰምቶ፣ ምስክር ላይ ከተደረሰ በኋላ ማንሣት ጊዜው ያለፈበት ነው። በይግባኝ ላይ እንደ አዲስ ማንሣትም አይቻልም። አሁን ያለዎትን አቅም «አልተበደርኩም» የሚለውን በማስረዳት ላይ ያውሉት።

መጥሪያ ገና የደረሳችሁ ግን እንዲህ አድርጉ። በመከላከያ መልሳችሁ ላይ ከፍሬ ነገሩ በፊት «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ» የሚል ርዕስ ስጡ። ከሥሩ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ክፍያው ይደርስ የነበረበት ቀን፣ ክሱ የተመሠረተበት ቀን፣ የሕጉ ቁጥር። ለምሳሌ፦ «ክፍያው ሊፈጸም የሚገባው መስከረም 10 ቀን 2005 ዓ.ም. እንደነበር በክሱ ተገልጿል። ክሱ የተመሠረተው ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከ12 ዓመት በላይ ስላለፈ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት በይርጋ ስለሚታገድ ክሱ ይዘጋልኝ።» ክሱ የተመሠረተበትን ቀን ከመዝገቡ ላይ ካለው የጽሕፈት ቤት ማኅተም ውሰዱ፤ መጥሪያ ከደረሳችሁ ቀን አትቁጠሩ።

ከዚያ በታች «መቃወሚያው ቢታለፍ» ብላችሁ የፍሬ ነገሩንም መልስ ሙሉውን ጻፉ። ይርጋውን ብቻ ጽፎ ፍሬ ነገሩን መተው ትልቅ አደጋ ነው፤ መቃወሚያው ውድቅ ከሆነ ባዶ እጅ ያስቀራል። ፍሬ ነገሩን ስትጽፉ ደግሞ ቃላችሁን መዝኑ። «ከሦስት ዓመት በፊት ግማሹን ከፍያለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይርጋው በከፊል ክፍያ ተቋርጧል ለሚል ከሳሽ ማስረጃ ናት። እውነቱ ያ ከሆነ መዋሸት አይገባም፤ ነገር ግን በይርጋ ላይ ተስፋ አድርጋችሁ ከመከራከራችሁ በፊት እወቁት።

ይርጋው ተቀባይነት አግኝቶ ክሱ ከተዘጋ ከሳሹ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። መቃወሚያው ውድቅ ከተደረገ ግን ተከሳሹ ወዲያው ይግባኝ ማለት አይችልም፤ የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ በይግባኙ ውስጥ አንዱ ምክንያት አድርጎ ያቀርበዋል (የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 320)። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው ደግሞ ይርጋም ሌላም መከላከያ ሳያነሣ በሌለበት ይፈረድበታል። ያልቀረበው በበቂ ምክንያት ከሆነ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ያመልክት።

«ለታላቅ ወንድሜ ያበደርኩት ገንዘብ 11 ዓመት አለፈው። ወንድሜን እንዴት ልክሰስ ብዬ ነው የቆየሁት። ምንም ተስፋ የለኝም?» (ከጀጎል)

አለዎት። ቁጥር 1853 እንዲህ ላለው ሰው የተጻፈ ነው። ባለገንዘቡ በጊዜው ሳይጠይቅ የቀረው ከባለዕዳው ጋር ባለው የቤተ ዘመድ ግንኙነት ወይም የበታችና የበላይ ግንኙነት የተነሣ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ያመነ ጊዜ የይርጋውን መቃወሚያ ሳይቀበል ሊያልፈው ይችላል። ልብ ይበሉ፣ «ይችላል» ነው እንጂ የግድ አይደለም። ዝምድናውን ብቻ ሳይሆን ዝም ያሰኘዎት ዝምድናው መሆኑን ማስረዳት ይኖርብዎታል፤ በአንድ ቤት መኖራችሁን፣ እሱ አሳዳጊዎ እንደነበረ፣ ወላጆቻችሁ «በእኛ ዘመን ወንድማማች ፍርድ ቤት አይቆምም» ብለው እንደከለከሉ፣ ያለውን ሁሉ።

«ሳቢያን ሰፈር ባጃጅ ገጭቶኝ እግሬ ተሰበረ። አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነኝ፤ ሕክምናዬ አላለቀም። የሹፌሩ የወንጀል ክስም አልተቋጨም። ሁለቱ ሲያልቁ የካሣ ክስ ላቅርብ ብዬ ነው።»

አይጠብቁ። አራት ወር ብቻ ነው የቀረዎት ብለው ይነሡ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሣ ጥያቄ ይርጋው 2 ዓመት ሲሆን የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ነው (ቁጥር 2143)። ሕክምናው የሚያልቅበት ቀን መነሻ አይሆንም። ለወደፊት የሚደርስብዎ መሆኑ የተረጋገጠ ጉዳት ካለ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ከአሁኑ መጠየቅ ይቻላል፤ የቀጣዩን ቀዶ ሕክምና ግምት የሐኪም ማስረጃ ያያይዙ።

እርግጥ ነው፣ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሆኖ ለወንጀሉ የተወሰነው ይርጋ ከ2 ዓመት የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ለካሣውም ያገለግላል። ይህ ግን የኋላ መከላከያ ይሁንልዎ። የትኛው የወንጀል አንቀጽ ነው፣ ቅጣቱ ስንት ነው፣ ይርጋው ስንት ነው ወደሚል ክርክር መግባት ለምን ያስፈልጋል? ዐቃቤ ሕግ ሹፌሩን መክሰሱ የእርስዎን የካሣ ጥያቄ አቀረበልዎ ማለት አይደለም። ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ያስገቡት ማመልከቻም ብቻውን ቆጠራውን አያቆመውም። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሕክምና ማስረጃና ደረሰኞችን ይዘው ሹፌሩን፣ ባለንብረቱንና ኢንሹራንሱን በአንድ ክስ ያካትቱ።

«ድሬዳዋ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ ከተባረርኩ አምስት ወር ሆነኝ። ሥራ አስኪያጁ 'ታገስ፣ እንመልስሃለን' እያለኝ ነው። የሦስት ዓመት የትርፍ ሰዓት ክፍያም አልተከፈለኝም።»

ከሁሉ አጭሩ ጊዜ የሠራተኛው ነው፣ ለዚህም ነው ደጋግመን የምንጮኸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ 3 ወር ብቻ አለው፤ የእርስዎ አልፏል። ከሥራ ውሉ መቋረጥ የሚመነጩ ሌሎች ጥያቄዎች 6 ወር አላቸው፤ አንድ ወር ቀርቶዎታል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያም 6 ወር ነው፤ የሚቆጠረው ግን እያንዳንዱ መከፈል ከነበረበት ቀን ስለሆነ ከሦስት ዓመቱ ውስጥ የሚተርፈው ክሱ ከሚቀርብበት ቀን ወደኋላ የ6 ወሩ ብቻ ነው። የተለየ ጊዜ ያልተወሰነለት ሌላ የሥራ ክርክር 1 ዓመት ነው።

የሥራ አስኪያጁ የቃል ተስፋ ምንም አይቆርጥም። ይርጋውን የሚያቋርጠው አሠሪው በጽሑፍ ሲያምን ወይም ከፊሉን ሲከፍል፣ ወይም ጉዳዩ የሥራ ክርክርን ለመወሰን ወይም አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ ነው። በማመን ወይም በመክፈል ማቋረጥም በድምሩ ከሦስት ጊዜ በላይ አይሠራም። ሕመምን የመሰለ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ከነበረ ያ ምክንያት በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ ክሱ መቅረብ አለበት። ወር ስትቆጥሩ ጳጉሜን ይገባል አይገባም እያላችሁ ጠርዝ ላይ አትቁሙ፤ ከሳምንት በፊት አስገቡ።

«ጂቡቲ እኖራለሁ። አባቴ 2009 ዓ.ም. ሐረር ውስጥ አረፉ። የአጎቴ ልጅ የአባቴን ቤት ይዞ እንደሚኖር ያወቅሁት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው። ጉዳዩን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት እንፈልጋለን።»

የማይገባ ሰው የውርስ ንብረት ሲይዝ እውነተኛው ወራሽ የሚያቀርበው ክስ ሁለት ጊዜ አለው (ቁጥር 1000)። ወራሽነቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ቀን 3 ዓመት፤ ያም ሆነ ይህ ሟች ከሞተበት ወይም መብቱን ሊሠራበት ከሚችልበት ቀን 15 ዓመት። ለእርስዎ ጠባቡ በር ሚያዝያ 2019 ዓ.ም. ነው። መቼ እንዳወቁ ክርክር ስለሚነሣበት የደረሰዎትን መልእክት ወይም የነገረዎትን ሰው ከወዲሁ ይያዙ። ለጠበቃ ወይም ለዘመድ የሚሰጡትን ውክልናም በጂቡቲ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በጊዜ ያሠሩ።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ሁለቱም ተከራካሪዎች ሲስማሙ ብቻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም የሚለው ይህንኑ ነው። የአጎትዎ ልጅ «እስማማለሁ፣ ግን ከረመዳን በኋላ» እያለ ቀጠሮ ካበዛ ፈቃዱን አይጠብቁ፤ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይክሰሱ።

«ፍርድ አግኝቼ ባለዕዳው ንብረት ስለሌለው አላስፈጸምኩም። ፍርዱ ጊዜ ያልፍበታል?» (ከከዚራ)

ያልፍበታል። የአፈጻጸም አቤቱታ ከፍርዱ ቀን፣ ወይም ፍርዱ በተወሰነ ቀን ይከፈል ብሎ ከሆነ ካልተከፈለበት ቀን ጀምሮ በ10 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 384)። የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ በማኅተም አውጥተው ያስቀምጡ፤ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ ግምጃ ቤት ከገባ ለማስወጣት ጊዜ ይወስዳል። ባለዕዳው ቤት፣ መኪና ወይም የባንክ ሒሳብ እንዳገኘ ሲሰሙ ዝርዝሩን ጽፈው፣ ግልባጩን አያይዘው በዚያው ሳምንት የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ።